እስራ ቢልጊች፦ «ሐሊሜ»ን የተጫወተችው ተዋናይት

እስራ ቢልጊች «ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል» በተሰኘው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ ላይ የኤርቱግሩልን ሚስት ሐሊሜን ሆና በመተወን በዓለም ሙስሊሞች ዘንድ የታወቀች ቱርካዊት ተዋናይት ናት። ድራማው በብዙ የሙስሊም ቤቶች «ዲናችንን የሚያከብር ፊልም» ተብሎ በቤተሰብ ታይቷል። ይህ ጽሑፍ የተዋናይቷን ሕይወትና ሥራ፣ የሐሊሜን ታሪክ እውነትና ፈጠራ፣ እንዲሁም በተመልካቾች ዘንድ የተነሣውን ክርክር በአጭሩ ያስቃኛል። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ትምህርት

እስራ ጥቅምት 14 ቀን 1992 በቱርክ ዋና ከተማ በአንካራ ተወለደች። በዚያው ከተማ በሐጀቴፔ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂ፣ በቢልኬንት ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ተምራለች። በቴሌቪዥን ስሟን ያስጠራው የመጀመሪያ ሥራዋ ሐሊሜ ሲሆን፣ ድራማው ሲጀመር የ22 ዓመት ወጣት ነበረች።

በኤርቱግሩል ድንኳን ውስጥ

«ዲሪሊሽ ኤርቱግሩል» በቱርክ መንግሥት ጣቢያ በቲአርቲ 1 ታኅሣሥ 10 ቀን 2014 ተጀምሮ፣ አምስት ምዕራፎችን ተጉዞ በግንቦት ወር 2019 ተጠናቀቀ። የድራማው ባለቤትና ዋና ጸሐፊ መህመት ቦዝዳግ ነው። ኤርቱግሩልን የተወነው ኤንጊን አልታን ዱዝያታን ሲሆን፣ ቀረጻው በአብዛኛው የተካሄደው በኢስታንቡል አቅራቢያ ሪቫ በሚባል ስፍራ በተሠራ የድንኳን መንደር ነው።

በድራማው ሐሊሜ ከአባቷና ከታናሽ ወንድሟ ጋር በመስቀል ጦረኞች እጅ ወድቃ ሳለ በአደን ላይ የነበረው ኤርቱግሩል ያስጥላታል። ማንነቷን ደብቃ ወደ ካዪ ጎሳ ትገባለች፤ በኋላም ታገባዋለች፤ የኡስማን እናት ትሆናለች። እስራ ይህን ሚና ለአራት ምዕራፎች ተጫውታ በ2018 ተሰናበተች። አምስተኛው ምዕራፍ ከዓመታት በኋላ ሲጀምር ሐሊሜ በሕይወት የለችም። ብዙ ተመልካች ይህን ሲያይ ዘመድ እንደሞተበት ሰው ማዘኑን ለዚህ ጽሑፍ አቅራቢም ነግረውታል።

ሐሊሜ በታሪክ

አንባቢ ልብ ሊለው የሚገባው ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ኤርቱግሩል የኡስማን አባት እንደነበር በታሪክ የታወቀ ነው። ኡስማንም በ1299 ገደማ የኡስማኒያን መንግሥት እንደመሠረተ ይነገራል። ስለ ኤርቱግሩል ግን በዘመኑ የተጻፈ ነገር እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ትረካ የተመዘገበው ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ስለ ሚስቱ ያለው ደግሞ ከዚህም ያንሳል። በሶጉት ከተማ በኤርቱግሩል መቃብር ግቢ የሐሊሜ ነው የሚባል መቃብር አለ። የኡስማን እናት እርሷ ስለመሆኗ ግን የታሪክ ሰዎች እርግጠኛ አይደሉም። የሰልጁቅ ልዕልትነቷ፣ አባቷ ልዑል ኑዕማን፣ የማምለጫውና የፍቅሩ ታሪክ የድራማው ደራሲዎች ሥራ ነው።

ስለዚህ በዓይናችን የሣልናት ሐሊሜ በአመዛኙ የጸሐፊዎቹና የእስራ ትወና ውጤት ናት።

የ2020 ውዝግብ

ድራማው በ2020 የረመዷን ወር መጀመሪያ ላይ፣ በወቅቱ በጠቅላይ ሚኒስትሩ በዒምራን ኻን ፍላጎት፣ በፓኪስታን መንግሥት ቴሌቪዥን ወደ ኡርዱ ተመልሶ መታየት ጀመረ። ጊዜው ሰው በኮሮና ምክንያት ከቤት የዋለበት ነበር፤ ተመልካቹም እጅግ በዛ። ብዙዎች ተዋናይቷን በማኅበራዊ ሚዲያ ፈልገው አገኟት። ያገኟት ግን ሐሊሜን አልነበረም። እስራ ከካሜራ ውጪ ሂጃብ አትለብስም፤ ፎቶዎቿም እንደማንኛዋም የዘመኗ የቱርክ ተዋናይት ናቸው። ከፎቶዎቿ ሥር ወቀሳው ጎረፈ። አንዳንዱ በምክር ቃል የተጻፈ ሲሆን፣ ብዙው ግን ስድብ ነበር።

በሌላ በኩል የፓኪስታን ኩባንያዎች ለማስታወቂያ ሥራ ፈለጓት። ይህ ደግሞ ከሀገሬው ተዋንያን መካከል «የኛ እያሉ ለምን የውጭ?» የሚል ቅሬታ አስነሣ። ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ሥርጭት ጀምሮ የቱርክ ድራማዎችን በአማርኛ ድምፅ ሲያቀርብ ከኛ ሀገር የጥበብ ባለሙያዎች የተሰማው ቅሬታም ተመሳሳይ ነበር።

በዓረቡ ዓለም ክርክሩ ወደ ፖለቲካ አዘነበለ። ኤምቢሲ የተባለው ግዙፍ የቴሌቪዥን ድርጅት በመጋቢት 2018 የቱርክ ድራማዎችን ማሳየት አቆመ። የግብፅ ዳሩል ኢፍታእ በ2020 መጀመሪያ ላይ ድራማው ለቱርክ መንግሥት ተጽዕኖ መስፋፊያ እየዋለ ነው ሲል አስጠነቀቀ። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዳንዱ ድራማውን እንደ ዲን ሲከላከል፣ ሌላው እንደ ጦር መሣሪያ ሲዋጋው ታይቷል።

ከሐሊሜ በኋላ

እስራ ከ2020 እስከ 2021 በሾው ቲቪ በተላለፈው «ራሞ» ድራማ ከሙራት ይልድሪም ጋር ሲቤልን ሆና ተጫወተች። ታሪኩ በዘመናችን የወንጀል ቡድኖች መካከል የሚካሄድ ሲሆን፣ ሚናዋ ከሐሊሜ እጅግ የራቀ ነው። ቀጥሎ በኤቲቪ በ2021 እና 2022 በታየው «ካኑንሱዝ ቶፕራክላር» ላይ ሠርታለች። በግል ሕይወቷ በ2017 እግር ኳስ ተጫዋቹን ጎክሃን ቶሬን አግብታ በ2019 ተለያይተዋል።

ለኛ ምን ይነግረናል?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በቦሩ ሜዳ መምህር በነበረበት ጊዜ አንዲት ተማሪ ስልኳን ይዛ መጥታ፣ «ቲቸር፣ ሐሊሜ እኮ ሂጃቧን አወለቀች» አለችው። ልጅቷ ከልቧ አዝና ነበር። «ሐሊሜ አላወለቀችም፤ ይህች እስራ ናት፤ ሥራዋ ትወና ነው» የሚለው መልስ ለጊዜው አላጽናናትም። ግን ጥያቄዋ ሁለት ነገር ያስተምራል።

የመጀመሪያው የአደብ ጉዳይ ነው። ሂጃብ የአላህ ትእዛዝ መሆኑ በተዋናይት ፎቶ አይጸናም፤ አይፈርስምም። ለማናውቃት ሴት በሺህ ሰው ፊት ስድብ መጻፍ ነሲሓ ሊባል አይችልም። ሱረቱል ሑጁራት መሳለቅን፣ ነውርን መከታተልንና ሐሜትን በአንድ ላይ የከለከለች ሱራ መሆኗን ማስታወስ ይበቃል። አርአያ የምንፈልግ ከሆነም የእናታችን የኸዲጃና የዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ሕይወት በሰነድ ተጠብቆ ቀርቦልናል።

ሁለተኛው የታሪካችን ጉዳይ ነው። ያቺ ተማሪ የሶጉትን ስም ታውቃለች፤ የካዪን አርማ በደብተሯ ላይ ትሥላለች። የምትማርበት ቦሩ ሜዳ፣ ከደሴ በስተሰሜን ያለችው ይህች ሜዳ፣ በ1878 አፄ ዮሐንስ አራተኛና ንጉሥ ምኒልክ የተገኙበት የሃይማኖት ጉባኤ የተካሄደባት መሆኗን ግን አልሰማችም። ከጉባኤው በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ መገደዳቸውን፣ ኢማም ሙሐመድ ዓሊ ተጠምቀው ሚካኤል መባላቸውን፣ ሼኽ ጦልሐ ቢን ጀዕፈር ደግሞ እምቢ ብለው ሰው አስከትለው መታገላቸውን የሚነግራት ድራማ የለም። በየቤቱ ግን ይህን ከአያቶቻቸው የሰሙ ሽማግሌዎችና እናቶች ዛሬም አሉ።

አንዲት የአንካራ ልጅ ታሪክ ብዙም ያልመዘገባትን ሴት በሚሊዮኖች ልብ ውስጥ ማኖር ችላለች። የኛ ታሪክ የተመዘገበም፣ በቃል የሚተረክም ብዙ አለው። ወላጆች በረመዷን ምሽት ኤርቱግሩልን ከልጆቻቸው ጋር ሲያዩ ድራማው ሲያበቃ ቴሌቪዥኑን ዘግተው፣ «እዚህ ቦሩ ሜዳ ላይስ ምን ሆኖ ነበር?» የሚለውን ለአያት ትተው ቢያዳምጡ መልካም ጅምር ነው። ወላሁ አዕለም።