የማሪዮ ምስል፣ ጠገራ ብርና የወለቃ አንበሳ፦ ስለ ቁሳዊ ማስረጃ ግምት

የዛሬው ንግግሬ መነሻ ከወመዘክር መዝገብ ወይም ከገዳም ዕቃ ቤት የተገኘ አይደለም፤ ኦሎምፒያ ከሚገኘው የእኅቴ ቤት፣ ከሳሎኑ ጠረጴዛ ላይ የተገኘ ነው።

ባለፈው የገና ሰሞን የእኅቴ ልጅ ከመዳፍ የማትበልጥ የፕላስቲክ ምስል አምጥቶ ፊቴ አኖረ። ቀይ ቆብ የደፋ፣ ጥቁር ጢም ያለው፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ነው። «ጋሼ፣ እርስዎ የታሪክ ሰው ነዎት፤ ይህ ስንት ያወጣል ይላሉ?» አለኝ። ሊገዛው የፈለገ ጓደኛው «ፎርጅድ ነው» ብሎ አጠራጥሮታል። መጀመሪያ ሳቅሁ። ጥቂት ቆይቼ ግን የቀረበልኝ ጥያቄ እኛ የታሪክ ሰዎች በየቀኑ ከምንጠይቀው የተለየ አለመሆኑን ተረዳሁ። ይህ ነገር ምንድን ነው? የተባለውን ነው ወይስ አይደለም? ማን፣ መቼ፣ ለማን ሠራው? በማን እጅ አልፎ እዚህ ደረሰ? ዋጋ የእነዚህ ጥያቄዎች የመጨረሻ መልስ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም።

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሣ። ምስሉ የማሪዮ ነው። ማሪዮ በቪዲዮ ጨዋታ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው እ.ኤ.አ. በ1981 «ዶንኪ ኮንግ» በተባለው ጨዋታ ሲሆን፣ የፈጠረው ጃፓናዊው ሺጌሩ ሚያሞቶ ነው። አሳታሚው ኒንቴንዶ እ.ኤ.አ. በ1889 በኪዮቶ ከተማ የመጫወቻ ካርታ በመሥራት የተመሠረተ ድርጅት ነው። ጢሙም ሆነ ቆቡ ለጌጥ ብቻ የተመረጡ አይደሉም። የዘመኑ ስክሪን ጥቂት ነጥቦችን ብቻ ስለሚያሳይ አፍ መሣል አስቸጋሪ ነበርና ጢም ተተካ፤ ጠጉር ሲሮጥ ማንቀሳቀስ አስቸጋሪ ነበርና ቆብ ተደፋ። ዛሬ በፕላስቲክ ላይ የምናየው መልክ እንግዲህ የአንድ ዘመን የቴክኒክ ድህነት የተወው አሻራ ነው። ነገሩን ያወቀ ሰው ምስሉን እንደ ሰነድ ማንበብ ጀምሯል ማለት ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ የእውነተኛነት ነው። ይህ ምስል ኒንቴንዶ ከኅዳር 2007 ዓ.ም. ጀምሮ «አሚቦ» በሚል ስም ለገበያ ካቀረባቸው ወገን ነው። በመቆሚያው ውስጥ ትንሽ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ አለች፤ የጨዋታ መሣሪያው ሲጠጋት ማንነቷን ያነባል። በልጁ ስልክ ሞከርን፤ ቺፗ መለሰች። ይሁን እንጂ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ ቺፕም አስመስሎ መሥራት ይቻላልና። ስለዚህ የቀለሙን ድንበር፣ የዐይኑን ሥዕል፣ የፕላስቲኩን መገጣጠሚያ፣ በመቆሚያው ግርጌ የተቀረጸውን ጽሑፍ በየተራ መረመርን። በአንድ ምልክት አለመታመን የሙያችን የመጀመሪያ ትምህርት ነው። በግርጌው የሚታየው ዓመተ ምሕረትም የባለመብትነት እንጂ ያ አንድ ምስል ከፋብሪካ የወጣበትን ቀን የሚናገር እንዳልሆነ ለልጁ ነገርሁት።

ልጁ በዚህ ተደነቀ። እኔ ግን ያስታወስሁት አያቶቻችንን ነበር። በጠገራ ብር ሲገበያዩ የኖሩ ሰዎች ይህን ምርመራ በገበያ መካከል ቆመው ያካሂዱት ነበር። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1780 ሞተች፤ ምስሏን የያዘው ብር ግን ከዚያ በኋላ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ያንኑ 1780 እንደ ተጻፈበት ሲቀረጽ ኖረ። ክብደቱ 28 ግራም ያህል፣ የብር ይዘቱም ከ1000 እጅ 833 ነበር። ያገራችን ነጋዴ ጽሑፉን ማንበብ ባይችልም ምስሉን ያነብ ነበር፤ የንግሥቲቱ ዘውድና የትከሻዋ ጌጥ ዕንቁዎች ተለይተው ካልታዩት አይቀበልም። ዳግማዊ ምኒልክ የራሳቸውን መልክ የያዘ፣ 1887 ዓ.ም. የተጻፈበት ብር አስቀርጸው እንኳ ሕዝቡ ከለመደው ምስል በቀላሉ አልተላቀቀም።

ከዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ መራራ ምዕራፍ አለ። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣሊያ ማኅተሙን ከቪየና አግኝታ ይህንኑ ብር በሮም ታስቀርጽ ጀመር፤ ለወረራው የሚያስፈልጋትን ገንዘብ ያገራችን ሰው በሚያምነው ምስል ማቅረብ ነበረባት። ያ ብር ፎርጅድ ነውን? ክብደቱ ልክ ነው፤ ብሩም ብር ነው፤ ዕንቁዎቹም ይቆጠራሉ። በዐይንና በሚዛን የሚደረገውን ፈተና ሁሉ ያልፋል። ዓላማውን የሚነግረን ግን በላዩ የተጻፈው ዓመት ሳይሆን የመጣበት መንገድ ነው። አንድ ዕቃ «እውነተኛ» መሆኑን ማረጋገጥና የዕቃውን እውነት ማወቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው።

ወደ ዋጋው ልመለስ። በሰብሳቢዎች ገበያ አንድ ምስል የሚገመተው በብርቅነቱ፣ በይዞታው፣ በማሸጊያውና በፈላጊው ብዛት ነው። ካርቶኑ ያልተከፈተ ምስል ከተከፈተው ይበልጣል፤ ማለትም ልጅ ያልተጫወተበት መጫወቻ ከተጫወተበት ይወደዳል። እንዲያውም የፋብሪካ ስሕተት ዋጋ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ2014 «ሳመስ» የተባለችው ገጸ ባሕርይ አንድ ምስል በአንድ ክንዷ ብቻ ሊኖራት የሚገባው መድፍ በሁለቱም ክንዶቿ ተገጥሞ ከፋብሪካ ወጥቶ ከ2,000 ዶላር በላይ በጨረታ ተሸጧል። ሁሉም አንድ ዓይነት በሆነበት ዓለም ጉድለት ብቸኛው መለያ ይሆናል። የእኅቴ ልጅ ማሪዮ ግን ካርቶን የለውም፤ የቆቡ ቀለም ተፍቋል፤ በብዛት ከተሠሩትም አንዱ ነው። «እውነተኛ ይመስለኛል፤ ብርቅ ግን አይደለም» አልሁት።

ጉዳዩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ዛሬ እዚህ አልቆምም ነበር። በዚያ ምሽት ቤቴ ስገባ ከመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ያለችውን የሸክላ አንበሳ አነሣሁ። በጀርባዋ ኮከብ ተቀርጾባታል። በ1986 ዓ.ም. ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ዳር ካለችው ከወለቃ መንደር የገዛኋት ናት። ወለቃ የቤተ እስራኤል መንደር ነበረች። ወንዶቹ ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሴቶቹ ያለ መሽከርከሪያ፣ በእጃቸው ብቻ ሸክላ ይሠሩ ነበር። ቀን ድስታቸውንና ማረሻቸውን የሚገዛው ጎረቤት ሲመሽ «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ጎብኝ ሲበዛ ሴቶቹ ከድስትና ከጀበና ጎን አንበሳ፣ ወፍ፣ ንጉሥ ሰሎሞንና ንግሥተ ሳባ የሚታዩባቸውን ትንንሽ ምስሎች ለገበያ አቀረቡ። የማሪዮን መልክ የስክሪኑ ነጥብ እንደ ወሰነው ሁሉ የእነዚህንም መልክ የገዢው ፍላጎትና የሻንጣው ስፋት ወስኖታል።

ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. ከ14,000 የሚበልጡ ቤተ እስራኤል ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በአውሮፕላን ተወሰዱ። የተነሡት ከቦሌ አየር ማረፊያ ነው፤ ዛሬ የእኅቴ ልጅ ምስሉን ይዞ ከሚመላለስበት ከኦሎምፒያ ብዙ አይርቅም። ብዙዎቹ ከለበሱት ልብስ በቀር ይህ ነው የሚባል ዕቃ አልያዙም። እጃቸው ሄደ፤ የእጃቸው ሥራ ግን በየሰው መደርደሪያ ቀረ። በወለቃም ሙያውን ጎረቤቶቻቸው ቀጠሉት፤ የመንገድ ዳሩ ገበያም አልተዘጋም።

አሁን የሒሳቡን ቀመር ተመልከቱ። እኔ አንበሳዋን የገዛሁት ከዚያ ጉዞ ሦስት ዓመት በኋላ ነው። ከሻጯ ጋር በዋጋ ተከራክሬ ካለችው ግማሹን አስቀንሻለሁ። ስሟን አልጠየቅሁም፤ «አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አላልሁም። ሌላ ሴት ትታላት የሄደች ትሁን፣ ጎረቤት ያየችውን አስመስላ የሠራቻት ትሁን፣ ማወቂያውን መንገድ በዚያች ደቂቃ ዘጋሁት። ከግርጌዋ ግን «የቤተ እስራኤል ሥራ፣ ጎንደር» የሚል ወረቀት ለጠፍሁ፤ በዚያ ወረቀት ምስክርነት ከሃያ ዓመት በላይ በክፍል ውስጥ ሳስተምርባት ኖርሁ። ከእናንተ መካከል የቀድሞ ተማሪዎቼ የሆናችሁ ታስታውሷታላችሁ። ያን ወረቀት ባለፈው ጥር አንሥቼዋለሁ። አሁን የተለጠፈው «ወለቃ፣ 1986 ዓ.ም.፤ ሠሪዋ አልተጠየቀችም» ይላል።

በጅምላ የሚመረተው ፕላስቲክ የፈጣሪውን ስም፣ የባለመብቱን ዓመት፣ የራሱንም መለያ በሆዱ ይዞ ይዞራል። ወንድም የሌላት፣ በዓለም ላይ አንዲት ብቻ የሆነችው ሸክላ ግን ስም የላትም። ይህ ልዩነት የመጣው ከቁሳቁሱ አይደለም፤ ማን ሊመዘገብ ይገባዋል ብለን ካሰብነው ነው። የሸክላ ሠሪዋን ስም ያልጠየቀው ጎብኝው ብቻ አልነበረም፤ ታሪክ አጥኚውም አልጠየቀም።

ስለዚህ ለተማሪዎቼ የማስተላልፈው ምክር አጭር ነው። ዕቃ ስትገዙም ሆነ ስትሰበስቡ አስቀድማችሁ ሠሪውን ጠይቁ፤ የተነገራችሁንና ራሳችሁ የገመታችሁትን በተለያየ ቀለም ጻፉ፤ ያልጠየቃችሁትንም «አልጠየቅሁም» በሉ። ዛሬ አገራችንም የራሷን የጨዋታ ገጸ ባሕርያት መፍጠር ጀምራለች፤ አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ዶሮ ታስሮጣለች። ነገ አንዲት የሸክላ ባለሙያ ያቺን ዶሮ በጭቃ ብትሠራትና በመንገድ ዳር ብትሸጣት፣ የጨዋታውን ድርጅት ስም ሁላችንም እናውቃለን። የእሷንስ?

የእኅቴን ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት አገኘሁት። ምስሉን ማን እንደ ሰጠው ጠየቅሁት። ታላቅ እኅቱ ቶሮንቶ በገባች በመጀመሪያ ደመወዟ ገዝታ የላከችለት ነው። ብጣሽ ወረቀት ሰጥቼ ስሟን፣ ዓመቱንና ከተማውን እንዲጽፍ አደረግሁ፤ ቢሸጠውም ወረቀቱ አብሮ እንዲሄድ። ጻፈና ከመቆሚያው ሥር አጣብቆ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። ይሽጠው አይሽጠው አልጠየቅሁትም።