ከለቀማው በኋላ

ክረምት ገብቶ የእግር ኳሱ ውድድር ሲዘጋ፣ በሄርማታ ክርክሩ ይከፈታል። አመሻሽ ላይ የባንኩን ሥራ ጨርሼ ቡና በምጠጣባት ቤት የሚነሳው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ለከርሞ ማን ይፈረም?» አንዱ አጥቂ ይሻላል ይላል። ሌላው «ግብ ጠባቂ የሌለው ቡድን በር የሌለው ቤት ነው» ብሎ ይመልሳል። ሒሳብ ሳይከፈል፣ ቡናው ሳይቀዘቅዝ፣ አሥራ አንዱም ሰው ተመርጦ ያድራል።

ሄርማታ ለምርጫ እንግዳ አይደለም። በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን በሐሙስ ገበያው ቡናው፣ ዝባዱና የዝሆን ጥርሱ እየታየና እየተመረጠ ይሸጥ ነበር። ነገር ግን ሰውን መምረጥ ቡና ከመምረጥ ይከብዳል። ለዚህም ምስክር የምጠራው የዚህችኑ ምድር ልጅ ነው።

ይድነቃቸው ተሰማ በ1914 ዓ.ም. በጅማ ተወለደ። አባቱ ድምፃቸው በሸክላ የተቀረጸው የግጥምና የዜማ ሰው፣ ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ። ልጅየው ለቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫወተ፣ ብሔራዊ ቡድኑን አሠለጠነ፣ ከ1964 ዓ.ም. እስከ ዕለተ ሞቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን በፕሬዚዳንትነት መራ።

በ1954 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ በአዲስ አበባ ሲካሄድ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ ነበር። ሉቺያኖ የአስመራ ልጅ ነው፤ እናቱ ኤርትራዊት፣ አባቱ ጣልያናዊ። ጣልያን ከአገር ከወጣ ገና ሃያ አንድ ዓመት ብቻ ስለነበር፣ የአባቱ ስም ለብዙ ጆሮ የሚጎረብጥ ነበር። ክልስ በመሆኑ የደረሰበትን መገፋት ሉቺያኖ ራሱ በኋላ ዘመን ተናግሯል። ሆኖም አምበልነቱ ከእርሱ ጋር ቆየ።

ጥር 13 ቀን ከግብጽ ጋር በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ ቡድናችን 2 ለ 1 ሲመራ ቆይቶ ጥቂት ደቂቃዎች ሲቀሩ አቻ ያደረገው ሉቺያኖ ነው። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉበት፤ ጨዋታው 4 ለ 2 አበቃ። ዋንጫውንም ያ ስሙ የሚጎረብጠው ሰው ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ የማደንቀው የመራጩን ዓይን ብቻ አይደለም፤ በተመረጠው ሰው ላይ የጸናውን ልብ ጭምር ነው።

ዓይንማ ይሳሳታል። አሜሪካኖች ኳሷን በእጅ ይዘው በሚሮጡበት «ፉትቦል» ወጣት ተጫዋቾችን በተራ የሚመርጡበት ሥርዓት አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1936 ሲጀመር ከሁሉ ቀድሞ የተመረጠው ጄይ በርዋንገር በዚያ ሊግ አንድም ቀን ሳይጫወት ቀረ። ኳርተርባክ የሚሉት የቡድኑ አዝማች ነው፤ ከእነዚህ ሁሉ ገናናው ቶም ብሬዲ ደግሞ በ2000 የተመረጠው 199ኛ ሆኖ ነበር። ሰባት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ግን እርሱ ነው። በዚያ ሥርዓት አንድ ጥበብ አለ፤ ቀድሞ እንዲመርጥ ዕድል የሚሰጠው በውድድሩ መጨረሻ ላይ የወጣው ክለብ ነው። ደካማው እንዲያገግም ታስቧል።

በእኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ተራ የለም። ጅማ አባ ጅፋር በ2010 ዓ.ም. ወደ ፕሪሚየር ሊጉ ባደገበት በመጀመሪያው ዓመት ቅዱስ ጊዮርጊስን አስከትሎ ሻምፒዮን ሆነ። አሠልጣኙ ገብረመድኅን ኃይሌ፣ የግብ አዳኙም ናይጄሪያዊው ኦኪኪ አፎላቢ ነበሩ። ያን ዓመት ምርጫችን እንከን አልነበረውም። ዋንጫው በተነሳ ማግስት ግን አሠልጣኙ ወደ መቐለ 70 እንደርታ ሄደ፤ በ2011 ዓ.ም. እዚያም ሻምፒዮን ሆነ። ኦኪኪም ወደ ግብጽ አቀና። የተረፈው ቡድን በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የካይሮውን አል አህሊን በመልሱ ጨዋታ 1 ለ 0 አሸንፎ፣ በድምር ውጤት ቢወድቅም፣ ክብር አሳየን። ከዚያ በኋላ ግን ቁልቁለቱ መጣ፤ በ2014 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ከሊጉ ወረደ።

ከዘውድ እስከ መውረድ አራት ዓመት። ቡና ተክሎ ደህና ፍሬ ለማየት የሚፈጀው ጊዜ እንኳ ከዚህ ብዙም አያንስም።

ስለዚህ በዚያች ቡና ቤት ተራዬ ሲደርስ የማነሳው የተጫዋች ስም አይደለም። «ያለፈውን ዓመት ልጆች ስንቱን አቆየን? ከየሰፈሩ ሜዳ ስንቱን ታዳጊ አሳደግን?» ብዬ እጠይቃለሁ። ጥያቄዬ ጨዋታ ያቀዘቅዛል መሰለኝ፤ ሁሉም ለጥቂት ጊዜ ስኒው ላይ ያቀረቅራል። ከዚያ አንዱ ቀና ብሎ «ቢሆንም አጥቂ ያስፈልገናል» ይላል፤ ክርክሩም እንደ አዲስ ይጀመራል።

በቀይ ቡና ለቀማ የሚኖር ሕዝብ ይህን አያጣውም። ፍሬው በአንድ ወቅት ይለቀማል፤ ዛፉ ግን ዓመቱን ሙሉ ጥላ፣ ኩትኳቶና ጠባቂ ይሻል።

ለቃሚማ ሞልቷል፣ ቅርጫቱን የያዘ፤
ዛፉ ነው ጠባቂ፣ አጥቶ የፈዘዘ።