ለአንድ ዓላማ የተመዘገበ መረጃ፦ የኮምፒዩተር ማኅበራዊ ውጤት በአሜሪካ መንግሥት ውስጥ የተጠናበት ታሪክ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት በኅብረተሰብ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ ሆኖ ማጥናትና ማማከር ገና ትናንት የተወለደ ሙያ እንደሆነ ተደርጎ ይነገራል። የሥራው መሠረት ግን የተጣለው ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት ነው። ከመሠረቱም ዋነኛው ክፍል የተጣለው ብዙዎች እንደሚገምቱት በመከላከያ ወይም በሳይንስ መሥሪያ ቤት ሳይሆን፣ የአሜሪካ የጤና ጉዳይ በሚመራበት ሚኒስቴር ውስጥ መሆኑ ታሪኩን ለጤና ባለሙያ ይበልጥ ቅርብ ያደርገዋል። (በዚህ ጽሑፍ ተለይቶ ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።)

በ1972 የአሜሪካ የጤና፣ የትምህርትና የማኅበራዊ ድጋፍ ሚኒስትር የነበሩት ኤሊየት ሪቻርድሰን አንድ አማካሪ ኮሚቴ አቋቋሙ። ኮሚቴው በኮምፒዩተር የሚያዙ የግል መረጃዎች በዜጎች ላይ ሊያደርሱ የሚችሉትን ጉዳት እንዲያጠናና መፍትሔ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ለዚህ ያበቃው ምክንያት ግልጽ ነበር። የጡረታ አበል የሚከፍለው፣ በ1965 የተደነገጉትን ሜዲኬርና ሜዲኬይድ የተባሉ የሕክምና ወጪ መሸፈኛ መርሐ ግብሮች የሚያስተዳድረው፣ ለድሆች የሚሰጠውን ድጎማ የሚቆጣጠረው ይኸው ሚኒስቴር በመሆኑ እጅግ ብዙ የሕዝብ መዝገብ በእጁ ነበር። መዝገቦቹም ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመሸጋገር ላይ ነበሩ። በተለይም ከ1936 ጀምሮ ለጡረታ ሒሳብ ተብሎ ሲሰጥ የኖረው የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር በባንኩም፣ በትምህርት ቤቱም፣ በሆስፒታሉም መታወቂያ እየሆነ መምጣቱ ያሳስብ ጀመር። በየስፍራው ተበታትነው የነበሩ መዝገቦች በአንድ ቁጥር ከተገናኙ፣ ስለ አንድ ሰው ሙሉ ሕይወት በማሽን አማካይነት ፍርድ መስጠት ቀላል ይሆናልና።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር ራንድ በተባለው የምርምር ተቋም ይሠሩ የነበሩት የኮምፒዩተር ሊቅ ዊሊስ ዌር ነበሩ። ከአባላቱ መካከል የሕግ ፕሮፌሰሩ አርተር ሚለርና የስታቲስቲክስ ሊቋ ገርትሩድ ኮክስ ይገኙባቸዋል። ለዚህ ጽሑፍ ርዕስ ከሁሉ ይልቅ ቅርብ የሆኑት አባል ግን በኤም.አይ.ቲ. የኮምፒዩተር ሳይንስ ፕሮፌሰር የነበሩት ጆሴፍ ዋይዘንባውም ናቸው። ዋይዘንባውም በ1966 ኤላይዛ የተባለውን ፕሮግራማቸውን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቀው ነበር። ኤላይዛ የሥነ አእምሮ ሐኪም መስሎ ከሰው ጋር በጽሑፍ የሚነጋገር ፕሮግራም ነው። ሰውየው የጻፈውን ዐረፍተ ነገር ገልብጦ በጥያቄ መልክ ይመልስለታል፤ ስለ እናቱ የጻፈ እንደሆነ ስለ ቤተሰቡ እንዲያብራራ ይጠይቀዋል። ፕሮግራሙ ከሚነገረው ነገር አንዳችም አይረዳም ነበር። ፈጣሪውን ያስደነገጣቸውም የማሽኑ ችሎታ ሳይሆን የሰዎቹ ሁኔታ ነው። ሥራው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሲከናወን ይመለከቱ የነበሩት የገዛ ጸሐፊያቸው እንኳ ከማሽኑ ጋር ብቻቸውን ይነጋገሩ ዘንድ ፕሮፌሰሩ ከክፍሉ እንዲወጡላቸው ጠየቁ። የሥነ አእምሮ ሐኪም በማይበቃባቸው ሆስፒታሎች እንዲህ ያለው ፕሮግራም በሰዓት መቶዎችን ሊያስተናግድ ይችላል ብለው የጻፉ ሐኪሞችም ተነሡ። ዋይዘንባውም ይህን አጥብቀው ተቃወሙ። በ1976 ባሳተሙት መጽሐፍም ጥያቄው ማሽኑ ይችላል ወይስ አይችልም የሚለው ብቻ እንዳልሆነ፣ ቢችል እንኳ ሊሰጠው የማይገባ ሥራ መኖሩን ተከራከሩ። ታካሚው ጭንቀቱን ከሐኪሙ አስቀድሞ ለስልኩ በሚነግርበት በአሁኑ ዘመን የፕሮፌሰሩ ድንጋጤ ያረጀ አይመስልም።

ኮሚቴው በሐምሌ ወር 1973 «መዝገቦች፣ ኮምፒዩተሮችና የዜጎች መብቶች» የሚል ርዕስ ያለው ሪፖርቱን አወጣ። የሪፖርቱ እምብርት አምስት መርሆዎች ናቸው። መኖሩ ራሱ ከሕዝብ የተሰወረ የግል መረጃ መዝገብ ሊኖር አይገባም። ማንኛውም ሰው ስለ እርሱ ምን እንደተመዘገበና ለምን ሥራ እንደዋለ ለማወቅ የሚችልበት መንገድ ሊኖረው ይገባል። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል ለመከላከል የሚችልበት መንገድም እንዲሁ። የተሳሳተውን ማሳረም መቻል አለበት። መዝገቡን የሚይዘው ድርጅትም መረጃው ለታሰበለት አገልግሎት አስተማማኝ መሆኑን የማረጋገጥና ከአላግባብ አጠቃቀም የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ሐኪም የሕመምተኛውን ምስጢር መጠበቅን ከሂፖክራተስ መሐላ ጀምሮ ያውቀዋል። ይሁንና ጥንታዊው መሐላ የሚገታው የሐኪሙን አንደበት ነው። የ1973ቱ ኮሚቴ የተጋፈጠው ከዚህ የተለየ ነገር ነበር፤ ማንም ምንም ሳይናገር፣ ካርድ ክፍል ውስጥ ያለ ሠራተኛ እንኳ እጁን ሳያነሣ፣ ከቦታ ወደ ቦታ ተጉዞ በሰውየው ላይ ውሳኔ የሚያሰጥ መዝገብ። ሦስተኛው መርህ፣ ማለትም የዓላማ ገደብ፣ ከአምስቱ ሁሉ አዲስና አርቆ አሳቢ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ሪፖርቱ ብዙ ጊዜ እንደሚሆነው በመደርደሪያ ላይ አልቀረም። የዋተርጌት ቅሌት የአሜሪካ ሕዝብ መንግሥቱን በጥርጣሬ እንዲመለከት አድርጎት ስለነበር፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በነሐሴ 1974 ሥልጣን ከለቀቁ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ ታኅሣሥ 31 ቀን 1974፣ ፕሬዚዳንት ፎርድ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉን ፈረሙ። አምስቱ መርሆዎች የሕጉ አጥንት ሆኑ። ሕጉ ግን የፌዴራል መንግሥቱን መሥሪያ ቤቶች ብቻ የሚያስገድድ ነበር። የግል ሆስፒታሉና የመድን ድርጅቱ ከክልሉ ውጭ ቀሩ፤ ይህ ክፍተት ከብዙ ዓመታት በኋላ ዋጋ ማስከፈሉ አልቀረም።

በዚሁ ዘመን የሕግ አውጭው አካል፣ ኮንግረሱ፣ የራሱን አማካሪ ማቋቋሙ ይታወሳል። በ1972 በወጣ ሕግ የተመሠረተውና በ1974 ሥራ የጀመረው የቴክኖሎጂ ምዘና ቢሮ ዋና ተግባሩ አንድ ቴክኖሎጂ ከመስፋፋቱ በፊት በኅብረተሰቡ ላይ የሚያስከትለውን ማጥናት ነበር። የጤና ባለሙያዎች ቢሮውን ሳያውቁት ውለታው አለባቸው። በ1978 ባወጣው ሪፖርት፣ በጊዜው ከሚሠራባቸው የሕክምና ዘዴዎች መካከል ጥቅማቸው በቁጥጥር በተደረገ ሙከራ የተረጋገጠው ከ10 እስከ 20 በመቶ ብቻ እንደሚሆኑ ገመተ። ግምቱ ራሱ በጠባብ መሠረት ላይ የቆመ ቢሆንም የሕክምናውን ዓለም አነቃነቀ። ዛሬ የጤና ቴክኖሎጂ ምዘና ተብሎ በብዙ አገሮች የሚሠራበት ሙያ ያደገው በአብዛኛው ከዚህ ቢሮ የጤና ክፍል ነው። ያው ቢሮ በ1977 ስለ ሕክምና መረጃ ሥርዓቶች፣ በ1993 ደግሞ በኮምፒዩተር የተያዘ የሕክምና መረጃ ስለሚጠበቅበት መንገድ ሪፖርት አውጥቷል። መድኃኒትን የሚመዝኑና ኮምፒዩተርን የሚመዝኑ ሰዎች በአንድ ጣሪያ ሥር መሥራታቸው ዛሬ እምብዛም የማይታይ መልካም አጋጣሚ ነበር።

እዚህ ላይ ስለ ማሽኖቹ ጥቂት ማንሣት ያስፈልጋል። በ1970ዎቹ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ማይሲን የተባለ፣ በባክቴሪያ ለሚመጡ ከባድ ኢንፌክሽኖች አንቲባዮቲክ የሚመርጥ ፕሮግራም ተሠርቶ ነበር። በ1979 በታተመ ግምገማ በማጅራት ገትር ሕሙማን ላይ ያቀረባቸው ምክሮች ከኢንፌክሽን ስፔሻሊስቶቹ ምክር የማያንሱ ሆነው ተገኙ። ሆኖም ማይሲን በሕሙማን ክፍል ለዕለት ተዕለት አገልግሎት አልዋለም። ብልህ የሚባሉት ማሽኖች ከቤተ ሙከራ ሳይወጡ በመቆየታቸው፣ የሚያደርሱት ማኅበራዊ ጉዳት ለሕግ አውጭዎች አጣዳፊ ጉዳይ መስሎ አልታየም።

ምናልባትም ለዚህ ይሆናል የምዘናው ቢሮ ሲዘጋ ጠበቃ ያጣው። በ1994ቱ ምርጫ ሪፐብሊካኖች ኮንግረሱን በያዙ ጊዜ ወጪ መቀነሳቸውን ከራሳቸው ቤት ጀምረው ለማሳየት ፈለጉ። በዓመት 22 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይመደብለት የነበረውና በዕድሜው 750 ያህል ሪፖርቶችን ያዘጋጀው ቢሮ በመስከረም 1995 በሩን ዘጋ። ያቋቋመው ሕግ ግን አልተሻረም፤ ቢሮው በሕግ አለ፣ በጀት የለውም። የማማከር ሥራ ደካማ ጎኑ ይህ ነው። ሐኪም አንድን ሕመምተኛ ካዳነ ሕመምተኛው ምስክር ይሆነዋል፤ በምክር ሳይደርስ የቀረ ጉዳት ግን ለመካሪው አይመሰክርለትም።

ቢሮው በተዘጋ በ24ኛው ዓመት የሆነውን እንመልከት። በጥቅምት 2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት ላይ ሐኪሙ ዚያድ ኦበርማየርና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙት ጥናት፣ በአሜሪካ ሆስፒታሎች በሰፊው የሚሠራበትን አንድ አልጎሪዝም መረመረ። የአልጎሪዝሙ ተግባር ሥር የሰደደ ሕመም ካለባቸው ሰዎች መካከል ተጨማሪ ክትትል የሚያስፈልጋቸውን መለየት ነበር። ተመራማሪዎቹ በአንድ ትልቅ የማስተማሪያ ሆስፒታል ባገኙት መረጃ፣ ማሽኑ እኩል ነጥብ ከሰጣቸው ሰዎች መካከል ጥቁሮቹ ከነጮቹ ይልቅ የታመሙ መሆናቸውን አረጋገጡ፤ ሥር የሰደዱ ሕመሞቻቸው በ26.3 በመቶ ይበልጡ ነበር። አድልዎው ቢታረም ኖሮ ወደ ክትትሉ ከሚገቡት መካከል የጥቁሮቹ ድርሻ ከ17.7 ወደ 46.5 በመቶ ከፍ ይል እንደነበርም አሰሉ።

ስሕተቱ ከየት መጣ? አልጎሪዝሙ የሰውየውን ዘር አይጠይቅም ነበር። የሕመምን ክብደት የሚለካው ግን ለሕክምና በወጣው ገንዘብ ነው። ወጪ የተመዘገበው ሒሳብ ለማስከፈል እንጂ ሕመም ለመለካት አልነበረም። ሕክምና ለማግኘት መሰናክል ያለበት ሰው እኩል ታሞም ጥቂት ገንዘብ ስለሚወጣለት፣ ማሽኑ ከሌላው ይልቅ ጤነኛ አድርጎ ቆጠረው። ለአንድ ዓላማ የተሰበሰበ መረጃ ለሌላ ዓላማ ዋለ ማለት ነው፤ የ1973ቱ ኮሚቴ በሦስተኛው መርሁ የጠቆመው ነገር።

ነገር ግን ኮሚቴውን ከሚገባው በላይ ማመስገንም አይገባም። መፍትሔውን የጣለው በግለሰቡ ፈቃድ ላይ ነበር። በ2019 በተገለጠው ጉዳይ የእያንዳንዱ ሕመምተኛ ሒሳብ ትክክል ነው፤ የሚታረም ስሕተት የለበትም። ሕመምተኛው መዝገቡን ገልጦ ቢያይ ከትክክለኛ ቁጥር በቀር የሚያገኘው የለም፤ ቢጠየቅም ይፈቅድ ነበር። ጉዳቱ የሚታየው የብዙዎች መዝገብ በአንድ ላይ ተደምሮ፣ ነጥቡ ከትክክለኛው ሕመም ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። ይህን ለማየት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ብቻውን አይበቃም፤ በሽታ በሕዝብ መካከል እንዴት እንደሚሰራጭ የሚያጠና የኢፒዲሚዮሎጂ ዓይን ያስፈልጋል። ጥፋቱን ካገኙት መካከል የድንገተኛ ክፍል ሐኪም መኖሩ በአጋጣሚ ብቻ የሆነ አይመስልም።

መንግሥት ወደ ጉዳዩ የተመለሰው ዘግይቶ ነው። በጥቅምት 2022 የፕሬዚዳንቱ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ፖሊሲ ጽሕፈት ቤት፣ የኅብረተሰብ ጥናት ሊቅ በሆኑት አሎንድራ ኔልሰን መሪነት የተዘጋጀ የመብቶች ረቂቅ አወጣ። እርሱም እንደ ጥንቱ አምስት መርሆዎች ነበሩት፤ በአልጎሪዝም ከሚደርስ አድልዎ መጠበቅም ከአምስቱ አንዱ ሆኖ ገባ። ሰነዱ ግን ማንንም አያስገድድም። ፕሬዚዳንት ባይደን በጥቅምት 30 ቀን 2023 የፈረሙት ሰፊ ትእዛዝ በጤና መሥሪያ ቤቱ ውስጥ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ግብረ ኃይል እንዲቋቋም አዝዞ ነበር። በጥር 20 ቀን 2025 ሥልጣን የያዙት ፕሬዚዳንት ትራምፕ በዚያው ዕለት ትእዛዙን ሻሩት። የ1995ቱን መዘጋት ለሚያስታውስ ሰው አካሄዱ እንግዳ አይደለም። ከዚያ በፊት፣ በ2024፣ የጤና መሥሪያ ቤቱ ያወጣው ደንብ ደግሞ ለሕክምና ውሳኔ በሚያግዙ መሣሪያዎች አማካይነት አድልዎ መፈጸምን ከልክሏል። በደንብ የተጻፈ ነገር በፊርማ ብቻ ከወጣ ትእዛዝ ይልቅ ለመሻር ያስቸግራል።

የአምስቱ መርሆዎች ዘር ኢትዮጵያም ደርሷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መረጃ ለተሰበሰበበት ዓላማ ብቻ እንዲውል ይደነግጋል፤ የጤና መረጃንም ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ይመድበዋል። አዋጁ ግን እንደ 1974ቱ ሕግ ዓይኑን የሚጥለው በግለሰቡ መዝገብ ላይ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤተሰብ ማህደር የምትሞላው መረጃ ለቤተሰቡ እንክብካቤ የታሰበ ሲሆን፣ ከጤና ጣቢያው መዝገብ ተደምሮ ወደ ወረዳና ወደ ሚኒስቴር የሚሄደው ደግሞ ለሪፖርትና ለዕቅድ ነው። በአንድ ወረዳ የተመዘገበው የወሊድ ቁጥር በጤና ተቋም የወለዱትን ይነግራል፤ መንገድ ርቋቸው በቤታቸው የወለዱትን ግን አይነግርም። በዚህ ቁጥር ተመርቶ አዋላጅና አምቡላንስ የት ይመደብ የሚል ምክር እንዲሰጥ የሚሠራ ማሽን፣ መንገድ የራቃቸው ቀበሌዎች ጥቂት እናቶች ያሉባቸው ሆነው ይታዩታል። እነዚያን እናቶች በስም የምታውቃቸው ማህደሩን የሞላችው ሠራተኛ ናት።