ልቡና

«ልቡና» ከግእዙ «ለበወ»፣ ማለትም ልብ አለ፣ አስተዋለ፣ ከሚለው ግሥ የወጣ ስም ሲሆን የነፍስን የማስተዋል ኃይል ያመለክታል፤ ዛሬ ግን ብዙ ሰው «ልቤ ነገረኝ» እያለ ድንገት የመጣበትን ስሜት ሁሉ የልቡና ፍርድ ያደርገዋል (የሰውን ልጅ በገበያ ይሸጡ የነበሩትንም ልባቸው አልከሰሳቸውም)።

የልቡና ዕውቀት ግን ከድንገተኛ ስሜት ይለያል፤ የኦክስፎርዱ ሊቅ ደብልዩ ዲ ሮስ በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ ቃልን መጠበቅ ግዴታ መሆኑ እንደ ሒሳብ መነሻ እውነት ያለ ማስረጃ ራሱን የሚገልጥ ነው ሲል፣ መገለጡ ግን ለበሰለ አእምሮ እንጂ ገና ላልጠና ሕፃን አለመሆኑን አብሮ አስታውቋል። ወዳጁን በቀጠሮ ሊያገኝ የሚገሠግሥ መንገደኛ አደጋ የደረሰበት ሰው ቢያጋጥመው፣ ቀጠሮውን ትቶ ቁስለኛውን ያነሣል፤ ሆኖም ያፈረሰው ቃል ይከነክነዋል፣ ወዳጁንም መካስ እንዳለበት ይሰማዋል። ሁለቱ ግዴታዎች በጥቅሉ በልቡና የታወቁ ናቸው፤ በዚያች ሰዓት የትኛው እንደሚበልጥ የሚሰጠውን ፍርድ ግን ሮስ ራሱ ግምት እንጂ ዕውቀት ብሎ አልጠራውም።

እኔም በዚህ እስማማለሁ። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ ያልመረመሩትን ስሜት ልቡና ብለው አይሰይሙት።