ከአውቶቡሱ ውስጥ የተሰማው ቃል

በኖቬምበር 29 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. በለንደን ኦክስፎርድ ስትሪት፣ የሐኑካን በዓል የሚያከብሩ አይሁድ ወጣቶች የተሳፈሩበትን አውቶቡስ ሰዎች ተፉበት፤ መስኮቱንም ደበደቡ። ቢቢሲ ይህን ሲዘግብ ከውስጥ በሙስሊሞች ላይ ስድብ እንደ ተሰማ ጨመረበት። የብሪታንያ አይሁድ ተወካዮች ቦርድ ድምፁን ቢያስመረምር፣ የቋንቋ አዋቂዎቹ ቃሉን ዕብራይስጥ ሆኖ አገኙት፤ ይኸውም «አንድ ሰው ጥራ፤ አስቸኳይ ነው» ማለት ነው። ተጠቂዎቹ ተሳዳቢ መባላቸውን ብዙ አይሁድ ጸረ አይሁድ አድልዎ አሉት።

በባዕድ ቋንቋ የተነገረን ቃል አጣሞ መስማት በማንም ይደርሳል፤ አማርኛችንም በእንግዳ ጆሮ ስንት ነገር ይመስላል! እኛን ይበልጥ የሚያሳስበን ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ ነው። ጣቢያው ቅሬታውን በከፊል የተቀበለው በጃንዋሪ 2022 ነበር። ተቆጣጣሪው ኦፍኮም በኖቬምበር 2022 የብሮድካስት ደንቡ ተጥሷል አላለም፤ ነገር ግን ቃሉ አከራካሪ መሆኑ ለ8 ሳምንታት ሳይገለጽ መቆየቱን ከባድ የአዘጋገብ ጉድለት ብሎታል።