ከመተማ የሚመለስ ትኩሳት

ለዘንድሮው መጽሔታችን ከወረዳችን ታሪክ አንድ ነገር እንድጽፍ ስጠየቅ፣ ስለ አድባራቱ ወይም ስለ አርበኞቹ እንደምጽፍ ብዙዎቻችሁ ጠብቃችሁ ይሆናል። እኔ የመረጥሁት ግን ክረምት በመጣ ቁጥር ከሊቦ ከምከም ተነሥቶ ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ስለሚወርደው ልጃችን ነው።

በሐምሌና በነሐሴ አረም አለ፤ ከመስከረም ወዲህ አጨዳ። ሰሊጥ ከደረሰ ቀን አይሰጥም፣ ካልታጨደ ፍሬው ይረግፋል። ሠራተኛው የሚያድረው በዳስ ወይም ከግራር ሥር መሬት ላይ ነው። ካላ አዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ መኖሪያዋ የዋልካው መሬት ስንጥቅ ነው።

ይህ በሽታ በእኛ ደጋ አይታወቅም ነበር። እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ የማይለቀው ትኩሳት ሁሉ ወባ ይባል ነበር፤ መድኃኒቱ አልሠራ ሲል ወባው መድኃኒት ለመደ ተባለ። ካላ አዛር መሆኑ የተረጋገጠው ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ነው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከም ሲጀምሩ፣ ከታመሙት ብዙዎቹ ቆላ ረግጠው የማያውቁ፣ ሕፃናትም ጭምር ነበሩ። ተመራማሪዎች በሽታውን ያመጡት ከቆላ ተመላሽ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ይናገራሉ። ታናሽ ወንድሜ በዚያ ዘመን ጣፊያው አብጦ ሞተ። የቀበርነው ወባ ገደለው ብለን ነው።

ከዚያ ኮሮና መጣ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ በአገራችን ተገኘ፤ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ በመጋቢት 30 አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ፣ አውቶቡስም በግማሽ እንዲጭን ታዘዘ። አረሙ ግን አዋጅ አይሰማም። ትምህርት የተዘጋበት የእህቴ ልጅ ሐምሌ ላይ ደወለልኝ፤ «ጋሼ፣ እጃችሁን ታጠቡ ይሉናል፤ ያለን ውኃ ለመጠጥም አይበቃ። በአይሱዙ ተደራርበን ነው የመጣነው» አለኝ። እኔ እዚህ አሜሪካ ቤቴን ዘግቼ የሸቀጥ ካርቶን በአልኮል እጠርግ ነበር። አፈርሁ።

ጥቅምት 25 ቀን 2013 ጦርነቱ ተጀመረ፤ በማይካድራ ብዙ የቀን ሠራተኛ አለቀ። ያ ራሱን የቻለ ታሪክ ነውና እዚህ አልገባበትም። የእኛ ልጅ መተማ ስለነበር በደኅና ተመለሰ።

ጥር ላይ ትኩሳት ያዘው። አሁን ወባ የሚል አልነበረም፤ መንደሩ ሁሉ ኮሮና አለ። እናቱ ለብቻው አስተኛችው፣ ጎረቤት ሸሸ፣ የታየበት ጤና ተቋምም ቤትህ ተቀመጥ ብሎ መለሰው። ሦስት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ሰውነቱ ማለቁን፣ ሆዱ በግራ በኩል መነፋቱን እህቴ በስልክ ስትነግረኝ ወንድሜ ታወሰኝ። «እመዋ፣ ይህ የእሱ ነው፤ ጎንደር ውሰጂው» አልኋት። ከጣቱ ደም ወሰዱ፤ ካላ አዛር ሆኖ ተገኘ። በ1997ቱ ዘመን መርፌው 30 ቀን ነበር፤ እሱ 17 ቀን ተወጋና ዳነ።

በኋላ ያንን ጊዜ ስናነሣ አንድ ነገር ነገረኝ። በዚያ ሦስት ሳምንት ከማን ጋር እንደተጨባበጠ የጠየቀው ብዙ ነበር። ቆላ ወርደህ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀው ግን የመጀመሪያው ሰው የጎንደሩ ሐኪም ነው።