ጀልባ በዳምቦያ፦ ከሞተሩና ከእግሩ ማን ይቅደም?

ዳምቦያን የምታውቁ ሰዎች ርዕሱን አይታችሁ ሳትስቁ አልቀራችሁም። አንቀየማችሁም። ተወልደን ያደግንባት ከተማ እንሰት እንጂ ሐይቅ የላትም። ክረምት ላይ መንገዱን ሞልቶ ከሚወርደው ጎርፍ በቀር ጀልባ የሚያስመኝ ውኃ በደጃችን አላየንም። ቀና ስንል የሚታየንም ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚያልፈው አምባሪቾ ተራራ ነው። ታዲያ እኛ ስለ ጀልባ ሞተር ምን አገባን?

ነገሩ እንዲህ ነው። ሦስት ነን። አንዱ ሆሳዕና ያስተምራል፣ አንዱ ዱራሜ ላይ የመኪና መለዋወጫ ይሸጣል፣ ሦስተኛዋ ጋዜጠኝነት ተምራ ይህችን ጽሑፍ የምትሞነጫጭረው ናት። ዕቁብ ገብተን ያጠራቀምናት ገንዘብ አለችን። ባለፈው በጋ አክስታችንን ልንጠይቅ በጠምባሮ በኩል ወደ ኦሞ ስንወርድ አያቶቻችን የሚያወሩልን ወንዝ ቦታው ላይ የለም። በምትኩ ሐይቅ ተኝቶበታል።

ሐይቁን ሁላችሁም በዜና ታውቁታላችሁ። ታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. የተመረቀው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ የፈጠረው ነው። ግድቡ 243 ሜትር ይረዝማል፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፣ ከኋላው የተኛው ውኃ ደግሞ ወደ 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይዘልቃል። ዜናው ስለ መብራቱ ብዙ ብሏል። ማዶ ለማዶ ስለሚተያዩት ዘመዳሞች ግን ብዙም አላለም። ውኃው በዳር ላለ ሰው ዓሣም ነው፣ መንገድም ነው፣ አደጋም ነው። እኛም «አንዲት ያገለገለች ጀልባ ብንገዛስ?» አልን።

ጀልባዋም አልጠፋችም። ስድስት ሜትር ገደማ የምትሆን የፋይበርግላስ ጀልባ፣ አካሏ ደህና፣ ሞተሯ ግን የነከሰ። ደላላው ምን ቢለን ጥሩ ነው? «አራት ሲሊንደሩን አውጡና የፒክአፕ ቪ-ኤይት ግጠሙባት። ትበራለች! ጉልበት በዝቶበት የተጎዳ ሰው አለ?»

አለ ወይስ የለም? ጥያቄው ስላላስተኛን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ባሮ ላይ የተማርነው

መጀመሪያ የወሰደን ጋምቤላ ነው። በ1902 ዐፄ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት መሠረት በባሮ ዳር ለንግድ ጣቢያ የሚሆን መሬት በኪራይ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ከካርቱም የተነሱ የእንፋሎት መርከቦች ነጭ ዓባይንና ሶባትን ተከትለው እስከ ጋምቤላ እየገቡ የምዕራብ ኢትዮጵያን ቡና ጭነው ይመለሱ ነበር። ጣቢያው ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው ሱዳን ነፃ በወጣችበት በ1956 ነው።

እኛን የሳበን ግን ፖለቲካው ሳይሆን መዘውሩ ነው። ባሮ ለመርከብ የሚበቃ ውኃ የሚይዘው በክረምት ወራት ብቻ ነው፤ በጋ ሲገባ አሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። በዚያ ዘመን ከሱዳን የሚመጡት መርከቦች ብዙዎቹ የሚገፉት ከኋላቸው በተገጠመ ትልቅ ባለ መቅዘፊያ መዘውር ነበር። መዘውሩ ውኃውን ከላይ ከላይ ስለሚቀዝፍ ጥልቀት አይፈልግም። ለጥልቅ ባሕር የተሠራ ከሆድ ሥር የሚወርድ ፕሮፔለር ቢሆን ኖሮ አሸዋውን ያርስ ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ መጀመሪያ ያዩት የወንዙን ጠባይ ነው፤ መግፊያው የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው።

ጣናም የራሱ ታሪክ አለው። የደንገል ታንኳ ለዘመናት ሐይቁን ሲያቋርጥ የኖረው ያለ አንድ ጠብታ ቤንዚን ነው። ጣሊያን አገራችንን በያዘችባቸው ከ1936 እስከ 1941 ባሉት ዓመታት ናቪጋታና የሚባል ድርጅት በሞተር የሚሄዱ ጀልባዎችን አሠማራበት። ጣሊያኖቹ ሄዱ፤ ቃላቸው ግን ጋራዥ ውስጥ ቀረ። ዛሬም ሜካኒኮቻችን ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን እያሉ ነው የሚግባቡት። ለመኪና ይህን ያህል ቃል አለን፤ ለጀልባ ግን ገና እያበጀን ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ቃል ከራሳችን ብናዋጣ አትፍረዱብን።

ሦስተኛው ትምህርት የዓባይ ነው። በ1968 ጆን ብላሽፎርድ-ስኔል በተባለ እንግሊዛዊ ካፒቴን የተመራ ቡድን ዓባይን በጀልባ ሊወርድ ተነሳ። ቡድኑ ሰፋ ባለው የታችኛው ሸለቆ ሞተር ያላቸውን ጠፍጣፋ ወታደራዊ ጀልባዎች ተጠቀመ። ከጣና በታች ባለው አረፋ በሚደፍቀው ክፍል ግን ሞተሩን ትቶ በእጅ የሚቀዘፉ የጎማ ራፍቶች ይዞ ገባ። አንድ ወንዝ ነው፣ አንድ ቡድን ነው፣ ምርጫው ግን ሁለት! ከሞተር አምላኪነት ለመዳን ይህ ታሪክ ጥሩ መድኃኒት ነው።

እግሩ ከየት መጣ?

ወደ ጀልባችን እንመለስ። ጫሞ ላይ አዞ ልታዩ ሄዳችሁ ከሆነ ከጀልባው ኋላ የተንጠለጠለውን ሞተር አይታችኋል። ያ አውትቦርድ ይባላል፤ በ1909 በአሜሪካ ኦሊ ኢቪንሩድ ለገበያ አቅርቦ ያስፋፋው ነው። ከእርሱ ሌላ ሞተሩ መሐል ጀልባው ላይ ተቀምጦ ረጅም ዘንግ ከሆዱ ሥር የሚያወጣው ኢንቦርድ አለ። የመጀመሪያው ይነሳል፣ ይታጠፋል፣ ይሸከሙታል። ሁለተኛው ጠንካራ ነው፤ ግን ቦታ ይበላል፣ ጥልቅ ውኃም ይፈልጋል።

ሁለቱን ለማጋባት የተሳካለት ቀድሞ ሜርኩሪ ኩባንያ ይሠራ የነበረው አሜሪካዊው መሐንዲስ ጂም ዊን ነው። ሐሳቡን የስዊድኑ ቮልቮ ፔንታ ተቀበለውና በ1959 መጀመሪያ ላይ ኒው ዮርክ በተደረገ የጀልባ ትርኢት አኳማቲክን አሳየ። ሞተሩ 80 የፈረስ ጉልበት ነበረው። ሞተሩ ከውስጥ፣ ከጀልባው ኋላ ግድግዳ አጠገብ ይቀመጣል፤ ኃይሉ ግድግዳውን በስቶ ይወጣና ሁለት ጊዜ በዘጠና ዲግሪ ታጥፎ ወደ ፕሮፔለሩ ይወርዳል። ውጭ ያለው ክፍል ግራና ቀኝ እየዞረ ጀልባዋን ይመራል፤ ወደ ላይም ይነሳል። ስሙ ስተርንድራይቭ ነው። እኛ «እግር» ብለነዋል። (ያዋጣነው ቃል ይህ ነው።) ሜርኩሪም ብዙ ሳይቆይ በ1961 መርክሩዘር የተባለውን የራሱን አመጣ፤ ከጄኔራል ሞተርስ የሞተር ብሎኮች ጋር እያጣመረም ገበያውን ያዘ።

የደላላው ምክር ቀላል የመሰለውም ለዚህ ነው። ብሎኩ ከመኪና ሞተር ጋር ዘመዳሞች ናቸው፤ ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ እግሩ ውስጥ ነው።

ሞተርና እግር እንደ ፈረስና ኮርቻ

እያንዳንዱ እግር በሆዱ ማርሽ አለው። መርክሩዘር በስፋት የሸጠውን አልፋ ዋን የተባለ እግር እንውሰድ። ለ3.0 ሊትር አራት ሲሊንደር ሲሠራ ማርሹ ሁለት ለአንድ ገደማ ነው፦ ሞተሩ ሁለቴ ሲዞር ፕሮፔለሩ አንዴ። ለ4.3 ሊትር ቪ-ሲክስ ከ1.8 ለአንድ ትንሽ ይበልጣል። ለ5.7 ሊትር ቪ-ኤይት ደግሞ 1.5 ለአንድ ገደማ ነው። ከውጭ ሲታዩ እግሮቹ መንትያ ናቸው፤ ውስጣቸው ግን ይለያያል።

ለአራት ሲሊንደር በተሠራ እግር ላይ ቪ-ኤይት ብትጭኑ ሞተሩ በነበረው ፕሮፔለር ከልኩ በላይ ይጮሃል፤ የማርሹም ጥርስ ላልተሠራበት ኃይል ይጋለጣል። በተቃራኒው የቪ-ኤይትን እግር ለአራት ሲሊንደር ብትሰጡት ሞተሩ እንደ ተጫነ አህያ ያቃስታል፤ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ወደ ዙሩ አይደርስም። ጀልባዋም ኋላዋ ይከብዳታል። ስድስት ሜትር የማትሞላ ጀልባ ላይ ተጨማሪ የብረት ክብደት መጫን ማለት የጀርባዋን ከንፈር ወደ ውኃው ማስጠጋት ማለት ነው።

በዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ አለ። ተርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ ከጉልበቱ 3 በመቶ ገደማ ያጣል። አየሩ ስለሚሳሳ ነው። የጊቤ 3 ሐይቅ ሲሞላ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 890 ሜትር አካባቢ ላይ ነው፤ ስለዚህ 135 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚያ 123 ያህል ይሰጣል። ያንኑ ሞተር 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለው ጣና ብንወስደው 111 ብቻ ይቀረዋል። መድኃኒቱ ግን ቪ-ኤይት አይደለም። የፕሮፔለሩን ቅጠል ዘንበል ማለት መቀነስ ነው። በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት አንድ ኢንች ሲቀንስ የሞተሩ ዙር በደቂቃ ከ150 እስከ 200 ይጨምራል። ፕሮፔለር ከሞተር ጋር ሲነጻጸር የሽሮ ዋጋ ነው!

ሌላው ዕዳ የዘር ሐረጉ ነው። ጆንሰንና ኢቪንሩድን ይዞ የነበረው ግዙፉ ኦኤምሲ በ1986 ኮብራ የተባለ የራሱን እግር አወጣ፤ በ2000 መጨረሻ ግን ከሰረ። ኮብራ ያለው ጀልባ ርካሽ ሆኖ ብታገኙት አትገረሙ። ዕቃውን ለማግኘት አሜሪካ ያለ ሰው እንኳ የሚለፋበትን እግር ዱራሜ ላይ ማን ይጠግነዋል? ወላጅ አልባ ዕቃ መግዛት ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ነፍስ ያለበት ጉዳይ

እስካሁን ያወራነው ስለ ገንዘብ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ሰው ነው።

የመለዋወጫ ሱቅ ያለው ጓደኛችን ራሱ መጀመሪያ «ሞተሪኖውንም ዳይናሞውንም ከሱቄ እሰጣለሁ» ብሎ ነበር። ደግነቱ አነበበ። የመኪና ሞተር ከሥሩ ክፍት ስለሆነ የቤንዚን ትነት ነፋስ ይወስደዋል። የጀልባ ሞተር ግን የተቀመጠው በሳጥን ውስጥ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ የመኪና ሞተሪኖ የሚተፋት አንዲት ብልጭታ ትበቃዋለች። ለጀልባ የሚሠሩት ሞተሪኖ፣ ዳይናሞና ካርቡራተር የሚወደዱት ብልጭታውንና ትነቱን እንዲያፍኑ ተደርገው ስለሚሠሩ ነው። ሞተር ከማስነሳት በፊትም ትነቱን የሚያስወጣውን ማራገቢያ ለአራት ደቂቃ ያህል ማሠራት የግድ ነው። መኪና በብልጭታ ቢያያዝ ዘላችሁ መንገድ ላይ ትወርዳላችሁ። ሐይቅ መሐል ወዴት ይወረዳል?

እግሩም የራሱ ደካማ ጎን አለው። ግድግዳውን በሚበሳበት ቦታ እንደ መኪና የአክስል ጎማ የተሸበሸበ የጎማ ሽፋን አለ። እርሱ ሲሰነጠቅ ውኃ ይገባል፤ ጀልባ ቆማ እያደረች በዚያች ስንጥቅ ልትሰጥም ትችላለች። ያገለገለ ጀልባ የምትገዙ ሰዎች ከሞተሩ ድምፅ በፊት ያንን ጎማ በጣታችሁ እያጠፋችሁ እዩት። ጀልባዋ ከቀይ ባሕር ወይም ከባሕረ ሰላጤው የመጣች ከሆነ ደግሞ የጭስ መውጫውን ብረት አስፈቱ፤ ብዙዎቹ ሞተሮች የሚቀዘቅዙት በራሱ በባሕሩ ውኃ ነውና ጨው ከውስጥ በልቷቸው ይሆናል።

ሐይቁም ቢሆን እንደ ሐዋሳ ሐይቅ አይደለም። የግድብ ውኃ ነው፤ እንደ ዝናቡና እንደ ተርባይኑ በብዙ ሜትር ይወጣል፣ ይወርዳል። ትናንት በላዩ ያለፋችሁበት ጉቶ ዛሬ ከፕሮፔለሩ ጋር እኩል ይሆናል። በጣና ከ2011 ጀምሮ የታየው እምቦጭ ፕሮፔለር ጠምጥሞ እንደሚይዝ፣ ሞተር የሚያቀዘቅዘውን ውኃ መሳቢያም እንደሚደፍን አትርሱ። ስለዚህ የሚነሳ እግር ለዚህ ውኃ ደህና ሐሳብ ነው። ግን ጉቶ ሲመታው የሚሰበር ዕቃ ነውና የሚጠግነው ሰው መንገድ ላይ ካለ ብቻ።

ታዲያ ምን ወሰንን?

ደላላውን ቪ-ኤይቱን ለፒክአፑ እንዲተውለት ነገርነው። ሁለት አማራጭ ያዝን። አንደኛው ያው 3.0 ሊትር የጀልባ ሞተር በዚያው እግር፣ ከነብልጭታ አፋኝ ዕቃው፣ በአዲስ የጎማ ሽፋንና ለከፍታው በተመረጠ ፕሮፔለር። ሁለተኛው እግሩን ጨርሶ አውልቆ ቀዳዳውን በባለሙያ ማስደፈንና፣ ጀርባዋ እንዲሸከም ከተጠናከረ በኋላ፣ ሲበላሽ ሁለት ሰው ተሸክሞት በሚኒባስ ሆሳዕና ሊገባ የሚችል አነስ ያለ አውትቦርድ መስቀል። እውነቱን ለመናገር ልባችን ወደ ሁለተኛው ያደላል። አይበርም፤ ግን ይመለሳል።

ከቪ-ኤይቱ የተረፈችውን ገንዘብ ምን እናድርጋት በሚለው ላይ ግን ክርክር አልነበረም። ለእያንዳንዱ መቀመጫ አንድ የሕይወት አድን ጃኬት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሁለት የልጅ።

አክስታችን በየሳምንቱ ትደውላለች። «እናንተ ልጆች፣ ጀልባው የታለ?» ትለናለች። ማዶ የተዳረች ልጅ አለቻት፤ በመኪና ዞሮ መሄዱ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል። «እትዬ፣ እያጠናን ነው» እንላታለን። «ጀልባ እንዴት ይጠናል?» ብላ ትስቃለች። ይህችን ጽሑፍ ሲያነቡላት ይገባታል ብለን ተስፋ እናደርጋለን።